ኤፍኤስሲኬ ያስተካከለው ስህተት ለምን ይመለሳል? የቤት ሰርቨር ጥያቄ ከለገጣፎ

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ለገጣፎ በሚገኝ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰርቨር አለ። ማሽኑ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሲስተሙ ዴቢያን 12 ነው፤ ሲስተሙ ያለው 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ሲሆን ዳታው የሚቀመጠው ባለ 3.5 ኢንች 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የሁለቱም ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት፣ ኢኤክስቲ4 ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የልጆች ትምህርት ቪዲዮና የአንድ አነስተኛ ሱቅ ሒሳብ በሳምባ (ፋይሎችን በኔትወርክ በሚያጋራ ፕሮግራም) በኩል ይቀመጡበታል።

በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ 4 ቴራባይቱ በድንገት ለንባብ ብቻ ይሆናል፤ መጻፍ እምቢ ይላል። ዲስኩን ከሲስተሙ አላቅቄ (አውርጄ) የፋይል ሲስተም ስህተት የሚፈትሸውንና የሚጠግነውን ኤፍኤስሲኬን -ዋይ ብዬ ሳስኬደው የነጻ ብሎኮች ቁጥር ተሳስቷል፣ ባለቤት ያጡ አይኖዶች (የፋይል መዝገቦች) አሉ፣ ማውጫው የተሰረዘ አይኖድ ይጠቅሳል እያለ ያስተካክላል። ጥቂት ፋይሎችም ስማቸውን አጥተው ሎስት ፋውንድ ወደሚባለው የተገኙ ፋይሎች ማውጫ ይገባሉ። ከዚያ ሰላም ይሆናል፤ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ ገና ሲነሳ ስለ ሱፐርብሎክ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መዝገብ) ጊዜ የሚናገር መልእክት ያወጣል። ኢኤክስቲ4 መብራት ለሚመላለስበት ቤት የሚሆን አልመሰለኝም። ወደ ኤክስኤፍኤስ ወይስ ወደ ቢቲአርኤፍኤስ ልቀይር?

የጠያቂው ጽሑፍ እዚህ ያበቃል። እኔ ጠያቂው ሳልሆን ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና መልሶቹን፣ ያነበብኩ ነኝ፤ ከዚህ በታች የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እየተከተልኩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። መላሾቹንም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ፍሬ ያለበት ላይ እቆያለሁ።

መልስ 1። ጠያቂውን አንቱ እያለ በትሕትና ይጀምራል። ስለ ፋይል ሲስተም መቀየር ከማውራት በፊት ሦስት ነገር እንዲለጠፍ ይለምናል። አንደኛው ስህተቱ በተፈጠረበት ሰዓት የነበረው የከርነል (የሲስተሙ እምብርት ፕሮግራም) ሎግ፣ ማለትም የክንውን መዝገብ፣ ነው፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ተነስቶ ከሆነ ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1፣ ካልጠፋ ያለ -1። ሁለተኛው ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው የስማርት ዝርዝር ነው፤ ስማርትሲቲኤል -ኤክስ /ዴቭ/ኤስዲቢ። ሦስተኛው በኤፍኤስታብ፣ ዲስኮች እንዴት እንደሚሰቀሉ (ለአገልግሎት እንደሚከፈቱ) በሚናገረው ፋይል፣ ውስጥ ያለው የዲስኩ መስመር ነው። ቀጥሎ የሚያስረዳው ለጀማሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ዲስኩ ለንባብ ብቻ መሆኑ መከላከያ ነው፤ በሽታው ሌላ ነው። ወደዚያ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ፦ ወይ ከርነሉ እርስ በርሱ የማይስማማ መዝገብ አግኝቶ፣ በኤፍኤስታብ ላይ በታዘዘው መሠረት መጻፍ አቁሟል፤ ወይ ደግሞ ጆርናሉን (ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበትን ማስታወሻ) ወደ ዲስኩ መጻፍ አቅቶት ጆርናሉን አቋርጧል። የመጀመሪያው ጉዳቱ ቀደም ብሎ የደረሰ መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው በዚያች ሰከንድ ከዲስኩ ጋር መነጋገር እንዳልተቻለ ይናገራል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሎጉ ብቻ ነው።

መልስ 2። አንድ መስመር፦ ዲስኩ ሞቷል፣ ሌላ ይገዛ።

መልስ 3። ይህን በቀጥታ ይቃወማል፤ ምክንያቱንም በቁጥር ያስቀምጣል። ዲስክ መሞቱን የሚናገሩት የስማርት መስመሮች 5፣ 187፣ 197 እና 198 ናቸው። 5 በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው፤ 197 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ናቸው፤ 187 እና 198 ሊታረሙ ያልቻሉ ስህተቶችን ይቆጥራሉ። 197 ከዜሮ በላይ ሆኖ በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ ያን ጊዜ ዲስክ ይገዛል። 199 ግን የተለየ ነው። እሱ የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በኬብሉ ሲተላለፍ የተበላሸውን ዳታ ነው። ይህ ቁጥር አንዴ ከወጣ ወደኋላ ስለማይመለስ የሚታየው መጠኑ ሳይሆን መጨመሩ ነው። ረጅሙ የስማርት ፈተና ለ4 ቴራባይት ከ7 ሰዓት በላይ እንደሚወስድና በመሃል መብራት ከጠፋ እንደ አዲስ መጀመር እንዳለበትም ያስታውሳል፤ ለለገጣፎ ይህ ትንሽ ማስታወሻ አይደለም።

መልስ 4። ጠያቂው የተባለውን ይዞ ተመለሰ። 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ናቸው። 199 ላይ 38 አለ። የመነሳት ብዛት የሚቆጥረው 12 ላይ 611፣ ዲስኩ ኃይል በድንገት ሲያጣ ራሱን የሰበሰበበትን ጊዜ የሚቆጥረው 192 ላይ 540 አለ። ሎጉ ደግሞ የጽሑፍ ትእዛዝ መክሸፉን፣ መስመሩ በኃይል ዳግም መጀመሩንና ፍጥነቱ ከ6 ጊጋቢት ወደ 3 ወርዶ መቀጠሉን ያሳያል። በሌላ ቀን ግን ጆርናሉ ሳይቋረጥ፣ ከርነሉ ማውጫ ሲያነብ ስህተት አግኝቶ ቆሟል። ሁለቱም መንገዶች እዚህ ቤት ገብተዋል ማለት ነው።

መልስ 5። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚያገናኘው ሳታ ኬብል ነው፤ እስካሁን ካየሁት ሁሉ በቅደም ተከተል የተሻለው ይህ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ጥቂት ተቆይቶ ይከፈት። የ199 ቁጥር ቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያ ያለው፣ ከ1 ሜትር የማይበልጥ፣ ቢቻል 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኬብል ይገባ። ከኃይል ገመዶች ጋር ተጠቅልሎ አይታሰር፤ ስል ሆኖ አይታጠፍ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያም ይቀየር። መላሹ አቧራን ለብቻው ያነሳዋል። በለገጣፎም ሆነ በሰንዳፋ መንገድ ኮረኮንቹ የሚያስነሳው ደቃቅ አቧራ በፋኑ ተስቦ መሰኪያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ኬብሉ ተነቅሎ ሲመለስ ችግሩ ለጊዜው የሚጠፋውም ነቅሎ መሰካቱ አቧራውን ስለሚጠርገው ሊሆን ይችላል። መሰኪያው በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፣ ደርቆ ይገጠም።

መልስ 6። እዚህ ድምፁ ተቀየረ። መላሹ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ 5ን አንተ እያለ፣ ግማሹን ብቻ አይተሃል ይለዋል። አነጋገሩ የከረረ ቢሆንም ክርክሩ የክሩ እምብርት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

በኬብሉ የሚሄደው ዳታ ሲበላሽ ስህተቱ ይታወቃል፤ ዳታውም በድጋሚ ይላካል። 199 የሚቆጥረው የተያዙትን ስህተቶች ነው። ስለዚህ መጥፎ ኬብል ፍጥነት ይቀንሳል፣ መስመሩን ያቋርጣል፣ ጆርናልም ሊያስቆም ይችላል፤ ነገር ግን መዝገቡን በዝምታ ማዛባት የእሱ ጠባይ አይደለም። ለመዛባቱ ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። ኢኤክስቲ4 የተሠራው በድንገት ኃይል ቢቋረጥ ጆርናሉን አንብቦ እንዲነሳ ነው፤ ዲስኩ ጽፌያለሁ ያለውን በእርግጥ ጽፎ ከሆነ መብራት መጥፋቱ ብቻውን ማውጫ አያበላሽም። ታዲያ የሚያበላሸው ማሽኑ እየሠራ ዲስኩ ብቻውን ለቅጽበት ኃይል ሲያጣ ነው። ዲስኩ ሊጽፈው ተቀብሎ በውስጡ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) የያዘው ዳታ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ከርነሉ ደግሞ መስመሩን እንደገና ከፍቶ ይቀጥላል፤ ቀድሞ ተቀብያለሁ የተባለው ዳታ መጥፋቱን የሚነግረው የለም። ቀጥሎ የሚጻፈው ሁሉ በሌለ ነገር ላይ ይጻፋል። ኤፍኤስሲኬ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ዲስኩ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ኃይል ያጣል፤ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ይጠቁማል። 12 ላይ 611 የተባለው ዲስኩ የተነሳበት ብዛት ነው። ጆርናልሲቲኤል --ሊስት-ቡትስ ሲታይ ማሽኑ ያን ያህል ካልተነሳ፣ ዲስኩ ብቻውን እየጠፋ እየበራ ነው ብሎ ይዘጋል። የዲስኩ ኃይል ከየት እንደሚመጣ እንዲታይም ያዛል።

መልስ 7። 6ን ሳያስቀይም ያርመዋል። ዲስኩ ከዚህ ማሽን በፊት ሌላ ቦታ ሠርቶ ከሆነ 611 ምንም አይናገርም፤ ማነጻጸር የሚቻለው ለውጡን ነው። ዛሬ 12፣ 192 እና 199 ይመዝገቡ፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይታዩ፤ በዚያው ጊዜ ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ይቆጠር። 12 በማሽኑ መነሳት ልክ ከጨመረ ኃይሉ ደህና ነው። ከዚያ በልጦ ከጨመረ ግን ችግሩ ኃይሉ ነው። 4ኛው የስማርት መስመር ግን ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ሞተሩን ስለሚያቆምም ስለሚጨምር ከ12 ጋር እንዳይምታታ ያስጠነቅቃል። ይህ እርማት ባይመጣ ኖሮ 6 በትክክለኛ ሐሳብና በተሳሳተ ማስረጃ ይጸና ነበር።

መልስ 8። 6 ተመልሶ እርማቱን ይቀበላል፤ አሁንም ቃሉ አጭርና ቆጣ ያለ ነው።

መልስ 9። ከኮዬ ፈጬ የጻፈ ሰው ነው፤ ጥያቄውን ከማሽኑ አውጥቶ ወደ ቤቱ ሽቦ ይወስደዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ 40 ሜትር ርቀት ካለና ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ፣ ሄዶ ተመላሹ 80 ሜትር በግምት 0.6 ኦም ይሆናል፤ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ቤቱ ውስጥ 9 ቮልት ተኩል ይወድቃል። ሰፈሩ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት መስመሩ ራሱ ቀድሞ ወርዶ ከሆነ ይህ መጨረሻው ገፊ ነው። ከጀርባው የ115 እና የ230 መቀያየሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በ230 ላይ ሲሆን ከ180 ቮልት በታች እንዲሠራ አልተሠራም። በተጨማሪ ፓወር ሰፕላይ ኃይል ሲቋረጥ በኮንደንሰሩ ውስጥ ባለው የሚቆይበት ጊዜ በደረጃው መሠረት 16 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ከአንድ ዙር ያነሰ ነው። ኮንደንሰሩ ሲያረጅና ሲደርቅ ይህም ይቀንሳል።

ምክሩ ቀላል ነው። የስህተቱ ሰዓት ከሎጉ ይወሰድ፤ ምጣዱ፣ የውሃ ማሞቂያው ወይም የውሃ ፓምፑ ከሚሠራበት ሰዓት ጋር ይተያይ። ሰርቨሩ ከምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አይሁን፤ ቢቻል ከቆጣሪው የተለየ መስመር ይሳብለት። ስታብላይዘር ቀስ ብሎ የሚወርድ ቮልቴጅን ያስተካክላል፤ ለቅጽበት መቋረጥ ግን አይረዳም፣ የሚያጠራቅመው ኃይል የለውምና።

መልስ 10። ዩፒኤስን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያነሳል። ሰበታ ላይ ያለ አንድ ሰርቨር ዩፒኤስ እያለው ይሞት እንደነበር፣ ምክንያቱም ባትሪው ደክሞ በመቀያየሪያዋ ቅጽበት መሸከም ስላቃተው መሆኑን ይገልጻል። ዩፒኤስ መፈተን ያለበት ሰርቨሩን ነቅሎ፣ በምትኩ 60 ዋት አምፖል ሰክቶ፣ ገመዱን ከሶኬት በመንቀል ነው። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት። ኢንቬርተሩ የሚበላውና ባትሪው በፍጥነት ሲራገፍ የሚያጣው ሲቀነስ ግማሹን ማሰብ ይሻላል፤ 40 ዋት ለሚወስድ ሰርቨር አንድ ሰዓት ግድም ነው፣ ባትሪው አዲስ ሲሆን።

ዋናው ነገር ግን ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መስመር እንዲኖረው ነው፤ ከሌለው ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩን ለመዝጋት የሚነግረው የለም፤ መቋረጡ አንድ ሰዓት ዘገየ እንጂ አልቀረም። በዴቢያን ኤንዩቲ የሚባለው ፕሮግራም ይጫናል፤ ርካሾቹ ዩፒኤሶች ብዙውን ጊዜ በኤንዩቲዲአርቪ-ኪውኤክስ ድራይቨር ይነበባሉ። ባትሪው ሳያልቅ ቀድሞ እንዲዘጋ ይታዘዝ። በባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ውስጥ መብራት ሲመለስ ወዲያው ተነሳ የሚለውም ይጥፋ ወይም ይዘግይ፤ መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለቱ የታወቀ ነው፤ ማሽኑ በእያንዳንዷ ከተነሳ ገና ጆርናሉን እያነበበ ይቆረጣል።

መልስ 11 እና 12። ክሩ እዚህ ወጣ አለ። 11 የሰጠው ምክንያት የአገሩ ከፍታ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ቀጭን አየር ላይ አይሠራም ብሎ። 12 በአክብሮት ይመልሳል። የዲስኩ ማንበቢያ ራስ በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፍ መሆኑ እውነት ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች የሚጽፉት ገደብ ግን 3,048 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከ2,300 እስከ 2,600 ሜትር ናቸው። እንጦጦ አናት ላይ ሰርቨር የሚያስቀምጥ ሰው ይጨነቅ፤ እዚያ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሂሊየም የታሸጉት ዲስኮች ውስጣቸው ዝግ ስለሆነ የውጭው አየር መሳሳት ይህን ትራስ አይነካባቸውም። ከፍታው በእርግጥ የሚያመጣው ቀጭኑ አየር ሙቀት በደንብ አለመውሰዱን ነው፤ ስለዚህ ዲስኩ ፊት ፋን ይኑር፣ ሙቀቱም ከ45 ዲግሪ በታች ይጠበቅ።

መልስ 13። ዴስክቶፑን ጥሎ አሮጌ ላፕቶፕ መጠቀም ይሻላል፣ ባትሪው እንደ ዩፒኤስ ያገለግላል የሚል ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን 4 ቴራባይቱ በዩኤስቢ ሳጥን ውጭ ይቀራል፤ ሳጥኑም የራሱ ኃይል ከግድግዳ ይወስዳል። ዲስኩ ለብቻው የሚጠፋበት ሁኔታ በዚህ መንገድ ይባባሳል።

መልስ 14። ይህንኑ ለ13 ይነግረዋል፤ አላዋቂ ብሎ መጨመሩ ግን አስፈላጊ አልነበረም። ስድቡን ትተን፣ አንዳንድ የዩኤስቢ ሳጥኖች ዲስኩ ካሹን እንዲያራግፍ የሚያዘውን ትእዛዝ እንደማያስተላልፉ፣ አንዳንዶቹም በዩኤኤስ (ፈጣን የዩኤስቢ ማስተላለፊያ ዘዴ) ሁነታ መስመር እንደሚጥሉ፣ ለእነሱ በከርነል መነሻ መስመር ላይ ዩኤኤስን መዝጋት እንደሚቻል ጽፏል። ከዚያ ወደ ሌላ እውነት ይሻገራል፤ በርካሽ የሚሸጥ ባለ ብዙ ቴራባይት ፍላሽና ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ እውነተኛ መጠኑ ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ነው። ከእውነተኛው መጠን ሲያልፍ አዲሱ ዳታ አሮጌውን ይደርበዋል፤ ፋይል ሲስተሙም በየጊዜው ይፈርሳል። ኤፍ3 የተባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ለጠያቂው ዲስክ ይህ አይሠራም፤ ለሚያነቡት ግን ይጠቅማል።

መልስ 15። ሁሉም ዘንግቶት የነበረውን የሱፐርብሎክ ጊዜ መልእክት ያነሳች ሴት ናት። ሎጉ መጀመሪያ ላይ ያለው ቀን ከዓመታት በፊት መሆኑን አስተውላለች። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ አዲስ ሳለች 3 ቮልት ናት፤ ከ2.7 በታች ካሳየች ትቀየር። ሶኬቱ ላይ ኃይል እስካለ ድረስ ሰዓቱ ይሄዳል፤ የባትሪዋ መሞት የሚታየው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ሰዓቱ ወደኋላ ሲሄድ ዲስኩ የተሰቀለበት ጊዜ ከዛሬ በኋላ ይመስላል፤ ኤፍኤስሲኬም ይናገራል። ዳታው ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም። መብራት ከመጥፋቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብቻ ከሌላው ስህተት ጋር ተደምሮ ተቆጥሯል።

አንድ ነገር አክላለች፤ ይህን ከሌላ አገር በመጣ መመሪያ ውስጥ የሚያገኘው የለም። ባትሪው ተቀይሮ ባዮስ ውስጥ ሰዓት ሲሞላ በእኛ አቆጣጠር መሙላት የተለመደ ነው፤ ያኔ 6 ሰዓት ይዛነፋል፣ ዓመቱም በእኛ ከተጻፈ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ሊኑክስ ባዮሱ ላይ የሚጠብቀው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባው የፈረንጅ ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ያ ተሞልቶ፣ በታይምዴትሲቲኤል ቀጠናው አፍሪካ አዲስ አበባ ይደረግ።

መልስ 16። ስለ -ዋይ ነው፤ ቁጣው ለጠያቂው ዳታ ከመጨነቅ የመጣ ስለሆነ ይነበባል። ለሁሉም ጥያቄ አዎ እያሉ ኤፍኤስሲኬን ማስኬድ ምን እንደተቆረጠ ሳያዩ መቁረጥ ነው። ራሙ ወይም መስመሩ ጤነኛ ካልሆነ ደግሞ ጥገናው ራሱ ጉዳት ይጽፋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ፓርቲሽኑ ይውረድ፤ የተሰቀለ ፋይል ሲስተም ላይ በፍጹም አይሠራም። መጀመሪያ -ኤፍ -ኤን ተብሎ ምንም ሳይጻፍ ዝርዝሩ ይታይ፣ ፋይል ላይ ይቀመጥ። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ይቁም፤ ዲስኩ ዲዲሬስኪው በሚባለው የማዳኛ ቅጂ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ። ከዚያ በኋላ ጥገናው በ-ዜድ የመመለሻ ፋይል እየተመዘገበ ይሂድ፣ ያም ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ውጤቱ ካላማረ በኢ2አንዱ ወደነበረበት ይመለሳል። ዋናው ሱፐርብሎክ ካልተነበበ፣ ባለ 4 ኪሎባይት ብሎክ ላይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቅጂ 32768 ላይ፣ ቀጣዩ 98304 ላይ ይገኛል።

ኤፍኤስሲኬ ሲጨርስ የሚሰጠውን የውጤት ኮድም አስፍሯል፤ 0 ንጹሕ፣ 1 ተስተካክሏል፣ 2 ተስተካክሎ ማሽኑ እንደገና ይነሳ፣ 4 ሳይስተካከል የቀረ አለ፣ 8 ፕሮግራሙ ራሱ ሥራውን መሥራት አቅቶታል። 1 ያየ ሰው ሁሉ ጨርሻለሁ ብሎ ይሄዳል፤ በየሳምንቱ 1 ማየት ግን የመሣሪያ ምርመራ መጥሪያ ነው።

መልስ 17 እና 18። የተፈራው የፋይል ሲስተም ጦርነት። 17 ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ዜድኤፍኤስ ያልተጠቀመ ዳታውን አይወድም ይላል። 18 በዚያው ኃይል ይመልሳል፤ እኔም በዚህ ከ18 ጋር ነኝ። የእነዚህ ቼክሰም (የዳታ ማረጋገጫ ቁጥር) ብልሽቱን ይነግራል፤ አንድ ዲስክ ብቻ ሲኖር ግን የፋይሉን ይዘት ከየት አምጥቶ ይጠግናል? ቢቲአርኤፍኤስ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ቅጂ የሚይዘው መዝገቡን እንጂ ዳታውን አይደለም። ይባስ ብሎ ዲስኩ የተቀበለውን ሳይጽፍ ሲጠፋ ቢቲአርኤፍኤስ ከኢኤክስቲ4 በከፋ ይወድቃል፤ ጨርሶ አልሰቀልም ሊል ይችላል። ኤክስኤፍኤስም ቢሆን ማሽኑ ሲነሳ ምንም የማይመረምር ኤፍኤስሲኬ ነው ያለው፤ የእውነተኛው ጥገና ኤክስኤፍኤስ-ሪፔር ነው፤ በትልቁ -ኤል ሎጉን መሰረዝ ደግሞ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ኃይሉ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ዲስክ ገዝቶ ወደ ዜድኤፍኤስ መሄድ መልካም ነው። አስቀድሞ ግን አይሆንም።

መልስ 19። ራሙ በሜምቴስት86+ ሌሊቱን ይፈተን፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙ ይቀየር። የተበላሸ ራም ዳታውን ከቼክሰሙ በፊት ስለሚያዛባ ሁሉንም ፋይል ሲስተም እኩል ያታልላል።

መልስ 20። ጠያቂው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ማሽኑ ሲከፈት 4 ቴራባይቱ ኃይል የሚወስደው ከሞሌክስ ወደ ሳታ በሚቀይር፣ ፕላስቲኩ በፋብሪካ ቀልጦ በሽቦዎቹ ላይ በተፈሰሰ ዓይነት አስማሚ ነበር፤ የ12 ቮልት ሽቦው አጠገብ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። ዲስኩ ሞተሩን ሲያስነሳ በዚያ ሽቦ ወደ 2 አምፔር ይስባል። አስማሚው ወጥቶ ዲስኩ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጣ የሳታ ኃይል መስመር ተገናኘ። ኬብሉ ተቀየረ፣ ባትሪዋ ተቀየረች፣ ሜምቴስት ንጹሕ ወጣ። ከአስማሚው መውጣት በፊት በተመዘገበው ሳምንት ማሽኑ 3 ጊዜ ሲነሳ 12ኛው መስመር በ11 ጨምሮ ነበር፤ ሁለት የስህተት ሰዓቶችም ጠዋት ምጣድ በሚሰካበት ነበሩ። አሁን ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሄዳሉ። 199 ከ38 አልተነቃነቀም። ዩፒኤስ እስኪገዛ ድረስ የዲስኩን የጽሑፍ ካሽ በኤችዲፓርም ከትልቁ ደብሊው ጋር 0 ብሎ ዘግቶታል፤ መጻፍ ዘገም ብሏል፣ ለፎቶና ለሒሳብ ግን ይበቃል። 5ንም 6ንም በስም አመስግኗል፤ ሁለቱም የሚገባቸው ነው።

መልስ 21። ሎስት ፋውንድ ውስጥ ስለቀሩት ፋይሎች ነው። ስማቸው በአይኖድ ቁጥር ስለተተካ ፋይል የተባለው ኮማንድ ዓይነታቸውን ይናገራል፤ ፎቶዎቹን ኤግዚፍቱል በተነሱበት ቀን ይለያቸዋል። መላሹ ከዚህ የሚብሰውን ያስጠነቅቃል፤ ስማቸውና ቦታቸው ሳይነካ ውስጣቸው የተበላሸ ፋይሎችም ይኖራሉ፣ ኤፍኤስሲኬ የፋይል ይዘት አይመረምርምና። ፎቶዎቹ በጄፔግኢንፎ -ሲ፣ ቪዲዮዎቹ በኤፍኤፍኤምፔግ ውጤት ሳይጻፍ እስከ መጨረሻው ተነበው ይፈተሹ። አሮጌ ባክአፕ ካለ በአርሲንክ ቼክሰም ይነጻጸር፤ ምንም ሳይገለብጥ ልዩነቱን ብቻ የሚያሳየው -ኤን ግን አይረሳ፣ አለበለዚያ የተበላሸው በደህናው ላይ ይገለበጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሱቁ ሒሳብ ይታይ ይላል፤ ፕሮግራሙ ኤስኪውላይት የሚጠቀም ከሆነ የዳታቤዙ ቅጂ ወደ ኤስኤስዲው ተወስዶ የኢንተግሪቲ ቼክ ትእዛዝ ይሰጠው፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ደረሰኞችም ከወረቀቱ ጋር ይመሳከሩ።